«ሎጋን»ን ለቅዳሜ ታዳሚዎቼ ላሳይ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። በሰፈራችን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በፕሮጀክተር ፊልም አሳያለሁ። ከ10 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች ይመጣሉ። የኤክስ-ሜን ፊልሞችን በተራ በተራ አሳይቼ ጨርሻለሁ። አሁን ልጆቹ ‹ሎጋን ቀርቷል› ብለው ወጥረው ይዘውኛል። ፊልም የሚጭንልኝ ልጅ ደግሞ ‹እሱ አር ነው፣ ለትልቅ ሰው ነው፤ ግን ዋናው እሱ ነው፣ ሌሎቹ የተቆረጡ ናቸው› አለኝ። ግራ ገባኝ። ገጸ ባሕሪው ያው ነው፣ ተዋናዩም ያው ነው። የፊተኞቹ ለልጅ ሆነው የመጨረሻው እንዴት ለአዋቂ ይሆናል? ደግሞስ ደረጃው የአሜሪካኖች ጉዳይ አይደል? እኛን ምን አገባን?»

መልስ፦ አያሳዩት። የ10 ዓመት ልጅ ባለበት አዳራሽ ውስጥ አይሆንም። ግን እዚህ ላይ ብቆም ብዙም አልጠቀምዎትም። ጥያቄዎ ውስጥ የተደባለቁ ነገሮች አሉ። እነሱን ካልለየን ዛሬ «ሎጋን»ን ትተው በሚቀጥለው ቅዳሜ የባሰውን ሊያሳዩ ይችላሉ።

ደረጃውን፣ ማለትም ፊልሙ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን የሚጠቁሙትን እንደ ፒጂ-13 እና አር ያሉ ምልክቶች፣ ከሚሰጡት ሰዎች እንጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ሰው ደረጃው የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው ሕግ ይመስለዋል። አይደለም። በ1968 የትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ማኅበር ራሱ ያቋቋመው አሠራር ነው። ከዚያ በፊት «ይህን አሳዩ፣ ያንን አታሳዩ» የሚል የሄይስ ኮድ የሚባል ደንብ ነበራቸው። ደንቡ ሲያረጅባቸው መንገዱን ቀየሩት። ፊልሙን ከመከልከል ይልቅ ለወላጅ ምልክት መስጠት ጀመሩ። ምልክቱን የሚሰጡት ደግሞ ዳኞች ወይም የሥነ ልቦና ሊቃውንት አይደሉም፤ ልጅ ያላቸው ተራ ወላጆች ናቸው። ፊልሙን ያያሉ፣ ይነጋገራሉ፣ በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ። ራሳቸውን የሚጠይቁት «አብዛኛው አሜሪካዊ ወላጅ ይህን ፊልም የት ይመድበዋል?» ብለው ነው። ፊልሙ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ነገር አይመለከታቸውም። ስቱዲዮው ውሳኔው ካልጣመው አንዳንድ ቦታ ቆርጦ እንደገና ያስገባል ወይም ይግባኝ ይላል።

ፒጂ-13 የመጣው በኋላ ነው፣ በ1984። በዚያ ዓመት የኢንዲያና ጆንስ ሁለተኛው ፊልም ወጣ። አንድ ሰው በሕይወት እያለ ልቡ ከደረቱ ሲወጣ ይታያል። ደረጃው ግን ለቤተሰብ የሚሆነው ፒጂ ነበር። ወላጆች ጮሁ። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ራሱ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል አንድ ሌላ ቢጨመር ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ በዚያው ክረምት ተጨመረ። ከኮሚክ መጽሐፍ (በሥዕል ከሚተረክ ታሪክ) የተወሰዱ ፊልሞች ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው የሚኖሩት በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ስህተት ላርም። ፒጂ-13 ማለት «ለልጅ የተሠራ» ማለት አይደለም። «ወላጆች ተጠንቀቁ፣ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የማይሆን ነገር ሊኖርበት ይችላል» ማለት ነው። ከ2000 ጀምሮ «ሎጋን» እስኪወጣ ድረስ በኤክስ-ሜን ስም የወጡት ፊልሞች በሙሉ ፒጂ-13 ናቸው። ስለዚህ የ10 ዓመቱ ልጅ እስካሁን ያየው ሁሉ ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበት ነበር። ልወቅስዎ ብዬ አይደለም፤ ብቻ «የፊተኞቹ ለልጅ ናቸው» የሚለው መነሻ ልክ አይደለም። አር ደግሞ ጭራሽ የተከለከለ ማለት አይደለም። ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ከሆነ ይገባል። ከወላጅ ጋርም ቢሆን የማያስገባው ኤንሲ-17 ነው። እሱን ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች አጥብቀው ይሸሹታል፤ ብዙ ሲኒማ ቤት አይወስድላቸውማ።

ሁለተኛው ስህተት «ደረጃው ከፍ ሲል ግድያው ይበዛል» የሚለው ነው። ይኼ ብዙ ሰው ያታልላል። በ2018 በወጣው የአቬንጀርስ ፊልም መጨረሻ ላይ ከዓለሙ ሕያው ፍጥረት ግማሹ ይጠፋል። ደረጃው ፒጂ-13 ነው። በ2019 የወጣው «ጆከር» ውስጥ የሚሞቱት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ደረጃው አር ነው። ለምን? በመጀመሪያው ሰው አቧራ ሆኖ ይበተናል፤ ደም የለም፣ ሬሳ የለም፣ ጣር የለም። በሁለተኛው አንድ ሰው ሲሞት ካሜራው አይሸሽም። ደሙ ግድግዳ ላይ ይረጫል፣ ገዳዩም ፊቱ ላይ ደም ይዞ ቁጭ ይላል። ደረጃ ሰጪዎቹ የሚያዩት የሞተውን ሰው ብዛት ሳይሆን ሞቱ እንዴት እንደታየ ነው።

በ2008ቱ የባትማን ፊልም የእርሳሷን ቦታ አስታውሱ። የባትማን ጠላት ጆከር እርሳስ ጠረጴዛ ላይ ያቆማል፤ «አጠፋታለሁ» ይላል። አንድ ጎረምሳ ሊመታው ሲመጣ ጭንቅላቱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ያላትመዋል። እርሳሷ የለችም። የት እንደገባች ሁላችንም ገብቶናል። ግን ደም አላየንም፣ ቁስል አላየንም፤ የሆነውም በዓይን ጥቅሻ ነው። ፊልሙ ፒጂ-13 አገኘ። እንግሊዞች 12ኤ ሰጡት፤ ማለትም ከ12 በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ያየዋል። እዚያ አገር በደረጃው ላይ ብዙ ቅሬታ መጣ፤ ቢያስቡት አይገርምም። የ2018ቱ «ቬነም»ም እንደዚሁ ነው። ጭራቁ የሰው ጭንቅላት ይበላል። ካሜራው ዞር ይላል፤ ቀጥሎ የሚታየው ሌላ ነገር ነው።

በ2013 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። በፒጂ-13 ፊልሞች ውስጥ ያለው የጠመንጃ ግጭት ከ1985 ወዲህ ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል፣ በ2012 ደግሞ የአር ፊልሞችን በልጧል ይላል። ስለዚህ ዝቅተኛው ደረጃ «ሰላማዊ» ማለት አይደለም። እኔ እንዲያውም ደም የሌለበት ግድያ ለትንንሽ ልጆች የራሱ ችግር አለው ባይ ነኝ። መቶ ሰው ተመቶ ይወድቃል፣ አንድም አይደማም። ልጁ መምታት የማያምም ነገር ይመስለዋል።

ስድብም ደረጃ ይወስናል። በእንግሊዝኛ በጣም ከሚያስነውረው አንዷ ቃል ፒጂ-13 ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምትፈቀደው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ወደ አር ይሄዳል። እርስዎም አሳይተውታል፤ በ2011ዱ የኤክስ-ሜን ክፍል ሁለት ሰዎች መጠጥ ቤት ውስጥ ዎልቨሪንን (ያው ሎጋንን፣ ሌላ ስሙ ነው) ሊያናግሩት ሲጠጉ ቀና ሳይል በአንድ ስድብ ያባርራቸዋል። ስቱዲዮው ያቺን አንዷን ፈቃድ የተጠቀመባት እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። አንዱ ገጸ ባሕሪ እንዴት ከፒጂ-13 ወደ አር ይሄዳል?

ደረጃው ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው ፊልሙ ሳይቀረጽ ነው። ስቱዲዮው ገና ገንዘቡን ሲመድብ «ትኬቱን ለማን ነው የምሸጠው?» ብሎ ይጠይቃል። 200 ሚሊዮን ዶላር የሚወጣበት ፊልም ልጆችንም፣ ወላጆችንም፣ የውጭ አገር ገበያውንም መያዝ አለበት። መጫወቻም ይሸጥበታል። በ1992 የቲም በርተን ሁለተኛው ባትማን ሲወጣ ማክዶናልድስ ለልጆች በሚሸጠው ምግብ ውስጥ የፊልሙን መጫወቻ ይሰጥ ነበር። ፊልሙ ግን ጨለማ ነው፤ ፔንግዊን የሚባለው ሰውዬ የሰው አፍንጫ ይነክሳል፣ ከአፉም ጥቁር ፈሳሽ ይወርዳል። ወላጆች ተቆጡ። ፊልሙ እኮ ፒጂ-13 ነበር፤ ያም ሆኖ ለመጫወቻ ሻጩ ከበደ። ቀጣዩ ባትማን በ1995 ለሌላ ዳይሬክተር ተሰጠ፤ ቀለሙም ቀልዱም ደመቀ። አንድ ተከታታይ ፊልም በዚህ መልኩ አቅጣጫ ይቀይራል።

ስለዚህ የፊተኞቹ የኤክስ-ሜን ፊልሞች ፒጂ-13 የሆኑት ከአር ተቆርጠው አይደለም። ፊልም የሚጭነው ልጅ እዚህ ላይ ተሳስቷል። ከመጀመሪያው የተጻፉትም የተቀረጹትም እንደዚያ ተብለው ነው። ዎልቨሪን ከእጁ ስለት የሚያወጣ ሰው ነው። ያ ስለት ሰው ሲነካ ምን እንደሚሆን ይታወቃል። ለ17 ዓመት ያህል ግን ወግቶ ሲያወጣው ስለቱ ንጹሕ ነው። አድናቂው የሚያማርረው በዚህ ነበር።

በሩን የከፈተው ዴድፑል ነው። ገጸ ባሕሪው በ2009ኙ የዎልቨሪን ፊልም ውስጥ ነበር፤ ተዋናዩም ያው ራያን ሬይኖልድስ። ፒጂ-13 ነበርና ያንን ለፍላፊ ሰው መጨረሻ ላይ አፉን ሰፉት። በኮሚኩ ዋና ሥራው መለፍለፍ የሆነን ሰው! በ2016 የራሱ ፊልም ሲሠራለት ስቱዲዮው አርን ፈቀደ፤ በልዋጩ ገንዘቡን ቀነሰ። 58 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት፤ ለእንዲህ ዓይነት ፊልም ትንሽ ነው። መጨረሻው ላይ ዴድፑል የመሣሪያ ቦርሳውን ታክሲ ውስጥ ረስቶ የሚሄደው ትልቅ የተኩስ ትዕይንት የሚሠራበት ገንዘብ ስለተቆረጠ ነው። ያስገባው ግን ከ780 ሚሊዮን በላይ ነው። በዚያው ዓመት ያው ስቱዲዮ ያወጣው ፒጂ-13ቱ የኤክስ-ሜን ፊልም 178 ሚሊዮን ወጥቶበት ያስገባው 540 ሚሊዮን ገደማ ነው። ርካሹ ውዱን በለጠው። ቻይና ደግሞ ዴድፑልን አላስገባችውም፤ ያለ ቻይና ነው ይህን ያመጣው።

«ሎጋን» የወጣው ከዓመት በኋላ ነው። ወጪው 100 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ገቢው ከ600 ሚሊዮን በላይ ነው። ዳይሬክተሩ ጄምስ ማንጎልድ አር የጠቀመው ለደም ብቻ እንዳልሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ፊልሙ ለልጅ እንደማይሸጥ አንዴ ከታወቀ ቀስ ብሎ መሄድ፣ ረጅም ንግግር ማስገባት፣ ስለ እርጅና ማውራት ይቻላል። እኔ የምስማማው በዚህ ነው። «ሎጋን»ን ለአዋቂ ያደረገው የተቆረጠው እጅ ብቻ አይደለም። የአንጎል ሕመም የያዘውን ሽማግሌ ሽንት ቤት አቅፎ የሚወስድ የደከመ ሰው ታሪክ ነው። ራሱን ለማጥፋት ያስቀመጣት አንዲት ጥይት አለችው። የ11 ዓመት ልጅ ይህን ሲያይ ይሰለቻል፤ የሚነቃው ስለቱ ሲወጣ ብቻ ነው። ከፊልሙ ይዞ የሚሄደውም ያንን ብቻ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያው ኤክስ-ሜን በ2000 ሲወጣ 13 ዓመት የነበረው ልጅ «ሎጋን» ሲወጣ 30 ዓመቱ ነው። ገጸ ባሕሪው ከተመልካቹ ጋር አርጅቷል። ስቱዲዮው የመጨረሻውን ክፍል የሸጠው ለዚያ ላደገው ልጅ ነው። የእርስዎ ታዳሚዎች ግን ያን 17 ዓመት በጥቂት ወራት ቅዳሜዎች ነው የጨረሱት። ፊልሞቹ አንድ ተከታታይ ናቸው ማለት ለአንድ ዕድሜ የተሠሩ ናቸው ማለት አይደለም።

«ዋናው እሱ ነው» ለሚለው ደግሞ፦ አር መሆን ፊልምን ጥሩ አያደርግም። ደረጃው ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ችሎታ አይሰጥም። ከዴድፑል በፊት በ1998 «ብሌድ» በአር ተሳክቶለታል። በ2008 የወጣው ሦስተኛው «ፐኒሸር» ግን በአር ከሰረ፤ በ2012 «ድሬድ» ጥሩ ፊልም ሆኖ እንኳ ገንዘብ ሳያመጣ ስለቀረ ሁለተኛ ክፍል አላገኘም። «ሄልቦይ» ሁለቴ በፒጂ-13 ተሠርቶ ተወደደ፤ በ2019 «አሁን ለአዋቂ ነው» ብለው በአር ሲያመጡት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። «ጆከር» በ2019 ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ የመጀመሪያው ባለ ቢሊዮን አር ፊልም ነው። በ2024 የመጣው ሁለተኛው ክፍል በዚያው ደረጃ፣ በዚያው ተዋናይ፣ እጅግ በበለጠ ወጪ ተሠርቶ ወደቀ። በዚያው 2024 ደግሞ ዴድፑልና ዎልቨሪን አብረው የወጡበት ፊልም ከ1.3 ቢሊዮን በላይ አስገባ። እንግዲህ ከዚህ ውስጥ «አር ያሸንፋል» ወይም «አር ይከስራል» የሚል ሕግ ያወጣ ሰው ካለ ይንገረኝ። የ«ሱሳይድ ስኳድ» የመጀመሪያው ፊልም በፒጂ-13 ወደ 750 ሚሊዮን አስገብቶ፣ የ2021ዱ በአር 168 ሚሊዮን ገደማ ላይ ሲቆም ብዙ ሰው በደረጃው አሳበበ። ግን በዚያ ዓመት ሲኒማ ቤቶች ከወረርሽኙ ጉዳት ገና አላገገሙም ነበር፤ ፊልሙም በዚያው ቀን በኢንተርኔት ተለቆ ነበር።

አሁን ለእርስዎ በጣም ወደሚያስፈልገው ነገር ልምጣ። ፊልም የሚጭነው ልጅ «የተቆረጠ» ሲል ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አንዳንድ ፊልሞች ሁለት ቅጂ አላቸው፤ ለሲኒማ ቤት ፒጂ-13፣ በኋላ ለቤት መመልከቻ የረዘመና ደም የተጨመረበት። ሁለቱም አንድ ስም ነው ያላቸው። እዚህ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ሱቆች አንዱ ውስጥ ፍላሽዎን ሰጥተው «ባትማንና ሱፐርማን ጫንልኝ» ቢሉ የትኛውን እንደሚጭንልዎ አያውቁም። ልጁም አያውቅም። ብዙውን ጊዜ የሚጭነው ረጅሙን ነው፤ «ፉል ነው፣ አሪፉ ነው» ብሎ።

መለያው ርዝመቱ ነው። ፋይሉን በኮምፒውተር ከፍተው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይዩ። የ2016ቱ የባትማንና የሱፐርማን ፊልም ለሲኒማ ቤት የወጣው 2 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ነው፤ ፒጂ-13። ፋይልዎ 3 ሰዓት ከሆነ የያዙት አሩን ነው። የ2013ቱ ዎልቨሪን፣ ያው በጃፓን የሚሆነው፣ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ነው። 12 ደቂቃ ያህል ከረዘመ ሌላኛው ቅጂ ነው። «ጀስቲስ ሊግ» የ2017ቱ 2 ሰዓት ነው፤ በ2021 የወጣው ግን 4 ሰዓት ነው፣ ደረጃውም አር ነው። እርስዎ የዎልቨሪኑን አሳይቻለሁ ካሉ አሁኑኑ ሃርድ ዲስክዎን ይመልከቱ። የትኛውን እንዳሳዩ ምናልባት ዛሬ ያውቁ ይሆናል።

ተገላቢጦሹም አለ። ሁለተኛው ዴድፑል በ2018 መጨረሻ ተቆራርጦ፣ አዲስ ትዕይንት ተጨምሮበት በፒጂ-13 ወጥቷል። እሱን አግኝቻለሁ የሚልዎ ካለ ግን አይመኑት፤ ፋይሉን ራስዎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዩት።

ካርቱን ነገርም አለ። ወላጅም፣ የአዳራሽ ኃላፊም፣ ሁላችንም ካርቱን ስናይ ልጆቹን ትተን ወደ ጓዳ እንገባለን። በ2016 የወጣ አንድ የባትማን ካርቱን ደረጃው አር ነው። «ኢንቪንሲብል» የሚባለው ተከታታይ በቀለሙና በአሳሳሉ ለ8 ዓመት ልጅ የተሠራ ይመስላል። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ የሚሆነውን ያየ ሰው ግን ለልጅ አይከፍተውም። ኮሚክ መጽሐፍም በአሜሪካ ለልጅ ብቻ መሆኑ የቀረው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ሥዕል መሆኑ ምንም ዋስትና አይደለም።

«የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ላሉት፦ ልክ ነዎት፣ እዚህ አያስገድድም። እነሱም ዘንድ ቢሆን የሚያስከብሩት ሲኒማ ቤቶቹ ናቸው እንጂ ሕግ አይደለም። ደግሞም አገሮች አይስማሙም። «ሎጋን» በአሜሪካ የ8 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ገብቶ ያየዋል። በእንግሊዝ 15 ነው፤ አባትየው አብሮት ቢመጣም ከ15 በታች ያለ ልጅ አይገባም። በጀርመን 16 ነው። ቻይና የዕድሜ ደረጃ የላትም፤ ስለዚህ ለሁሉም እንዲሆን ወደ 14 ደቂቃ ያህል ቆርጣ ነው ያሳየችው። ለ40 ዓመቱ ጎልማሳም ጭምር ተቆረጠበት ማለት ነው። ምርጫው እንግዲህ ይኼ ነው፤ ወይ በር ላይ ዕድሜ መጠየቅ፣ ወይ ፊልሙን ለሁሉም መቁረጥ። በእርስዎ አዳራሽ የሚቆርጥ የለም። በሩ ላይ ያሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ፊደሉን ካላመኑት ከፊደሉ ጎን ያለውን ምክንያት ያንብቡ። እያንዳንዱ አር ፊልም ለምን አር እንደተባለ በአንድ መስመር ይጻፍበታል። የ«ሎጋን» ምክንያት ከዳር እስከ ዳር ያለ ጭካኔ የተሞላበት ድብደባና ስድብ፣ እንዲሁም አጭር የዕርቃን ትዕይንት ነው። የዴድፑል ላይ ወሲብም ተጨምሯል። ለአሜሪካዊ ወላጅ ስድቡ ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ታዳሚ ወላጆች ምናልባት ዕርቃኑ ይብሳል። ምክንያቱን ካነበቡ በራስዎ ሚዛን ይመዝኑታል። አንድ ማሳሰቢያ፦ በአማርኛ የተተረከውን ቅጂ ካሳዩ ተራኪው ስድቡን ያልፈዋል ወይም ያለዝበዋል። ለጆሮ ፊልሙ ቀለል ያለ ይመስላል። ምስሉ ግን አልተነካም። «ትርጉም ነው፣ ችግር የለውም» የሚለውን አይቀበሉ።

ለ«ሎጋን» የምመክርዎ ይህን ነው። የቅዳሜ ከሰዓቱ ታዳሚ አያየውም። 16 እና 17 ዓመት ለሆናቸው ማሳየት ከፈለጉ በሌላ ቀን፣ ለብቻቸው፣ ወላጆቻቸው አውቀው ፈቅደው ይሁን። ወላጅ ሲያስፈቅዱ «የኤክስ-ሜን ፊልም ነው» አይበሉ፤ ፊልሙ አር እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይንገሯቸው። አስቀድመው ብቻዎን ይዩት። ሦስት ቦታ ላይ ቆም ይበሉ፦ መክፈቻው ላይ የመኪናውን ጎማ ሊሰርቁ የመጡት ሰዎች የሚደርስባቸው፤ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለቷን የምታወጣበት፤ ገበሬው ቤተሰብ ቤት ያደሩበት ሌሊት። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ እራት አብልተው ያሳደሩ ደጎች ናቸው እዚያ ቤት የሚሞቱት። ልጅቷ 11 ዓመት ገደማ ናት፤ ታዳሚዎ ራሱን የሚያይባት እሷን ነው። እነዚህን ሦስቱን አይተው «የጎረቤቴ ልጅ ይህን ቢያይ ለእናቱ ደፍሬ እነግራታለሁ» ማለት ካልቻሉ ለ16 ዓመቱም ይተዉት።

ለትንንሾቹ በምትኩ በ2018 የወጣውን የስፓይደር-ማን አኒሜሽን ያምጡ። ደረጃው ፒጂ ነው፣ ኦስካር ወስዷል፣ ትልልቆቹም አይሰለቹበትም። ልጆቹ «ሎጋንስ?» ብለው ቢጨቀጭቁ «ቆይ ስታድጉ» ብቻ አይበሏቸው፤ የተከለከለ ነገር ነው ብለው በቴሌግራም ፈልገው ያወርዱታል። ምን እንዳለበትና ለምን ለእነሱ እንዳልተሠራ በግልጽ ይንገሯቸው። 17 ዓመት የሞላው ልጅ ካለ ደግሞ በዚያ በሌላኛው ቀን እንደሚያየው ቀኑን ቆርጠው ይንገሩት።

አዳራሹ በር ላይ የፊልሙን ስም፣ ደረጃውን፣ ምክንያቱንና የሚፈቀደውን ዕድሜ በወረቀት ይለጥፉ። ሐሙስ ቢለጥፉት ወላጆች ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ያዩታል።